ከመሶብ ሳይርቁ ክብደት ስለመቀነስ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክብደት ለመቀነስ ለሚሹ አንባቢያን ታስቦ በጤና ዓምዳችሁ ላይ የወጣውን የሃያ አንድ ቀን የአመጋገብ ሠንጠረዥ ደሴ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ሠንጠረዡ ለቁርስ አጃ በአልሞንድ ወተት፣ ለምሳ የሳልመን ዓሣ ከብሮኮሊ ጋር፣ ለራት ደግሞ ግማሽ አቮካዶና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ያዛል። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር ወይም ጎመን የሚል ቃል ግን ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ አይገኝበትም። የዓምዱን አዘጋጅ ትጋት ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ነገር ግን ይህን መሰሉን መንገድ ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ የወደቅሁ፣ በመጨረሻ ከራሴ ገበታ ሳልነሣ አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሼ ክብደቱ ሳይመለስብኝ ሦስት ዓመት የቆየሁ ሰው በመሆኔ፣ ስለ ጉዳዩ የምለው አለኝና ቦታ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬም ከሃምሳ አልፏል። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ደግሞ ኮምቦልቻ በመሆኑ በየማለዳው በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርጄ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በዚህ መንገድ የምንመላለስ ሰዎች በአንድ ቀን ደጋና ወይና ደጋን እናዳርሳለን። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ያስጠጣኛል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ከቀትር በኋላ ቀዝቃዛ ለስላሳ ያስከፍተኛል፤ ማታ ደሴ ስገባ ብርዱ እንደገና ይቀበለኝና ሻዩ ይደገማል። በመካከሉ ያለውን ስምንት ሰዓት ከወንበር ሳልነሣ አሳልፈዋለሁ። ይህ ኑሮ ለሃያ ዓመት ያህል ሲደጋገም፣ ቁመቴ 1.62 ሜትር ሆኖ ሳለ ክብደቴ 84 ኪሎ ደረሰ። በኪሎ የተለካ ክብደት በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር 25 ሲደርስ ክብደቱ ከመጠን ያለፈ፣ 30 ሲደርስ ደግሞ የጤና እክል ተብሎ የሚቆጠር ውፍረት መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። የእኔ 32 ነበር። ግፊቴም ከፍ ማለቱ በምርመራ ተነገረኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ እንጀራንና ዳቦን ጨርሶ መተው ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ቤተሰቤ መሶቡን ከብቦ ሲቀመጥ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እንቁላልና ሰላጣ በላሁ፤ ሰባት ኪሎም ቀነስሁ። የሰፈር ሰው ሁሉ ምሥጢሩን እየጠየቀኝ ሳለ ፋሲካ ደረሰ። አንድ ቁራሽ ድፎ ዳቦ በመቅመስ የተጀመረው ነገር በአራት ወር ውስጥ ዘጠኝ ኪሎ ጨምሮ አረፈ። ሁለተኛው በሱቅ የሚሸጥ «የማቅጠኛ ሻይ» ሲሆን፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ኪሎ ያወረደልኝ ሆዴን በማስቀመጥ እንጂ ስብ በማቅለጥ እንዳልነበረ የተረዳሁት ሻዩን ባቆምሁ በአምስተኛው ቀን ሦስቱም ኪሎ በተመለሱ ጊዜ ነው። እንዲህ ያሉት ሻዮች ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለባቸው በመሆኑ ከሰውነት የሚያስወጡት ውኃ ነው። ስለ ሦስተኛው፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለመብላት፣ ብዙ የምለው የለኝም፤ ያቺ አንዷ ጊዜ ስትመጣ የምበላው የሦስት ሰው ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ጥፋቱን ሁሉ ለራሴ ስንፍና ሰጥቼው ነበር። የጤና ትምህርት የምታጠና የእህቴ ልጅ ግን አንድ ቀን ያስገረመኝን ነገር አወጋችኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት ሃምሳ ያህል ወፍራም ሰዎችን ለአሥር ሳምንት እጅግ ጥቂት ምግብ እየመገበ ካቀጠነ በኋላ የሰውነታቸውን ሆርሞኖች ተከታትሎ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላም ቢሆን ረኃብን የሚቀሰቅሱት ሆርሞኖች ከቀድሞው ከፍ እንዳሉ፣ ጥጋብን የሚያሳውቁት ደግሞ ዝቅ እንዳሉ ነበር የተገኙት። ሰውነት የቀነሰውን ክብደት እንደ ጠፋ ንብረት ቆጥሮ ይፈልገዋል ማለት ነው። ስለዚህ ክብደት የቀነሰ ሰው ከቀድሞው ይበልጥ እየራበው መኖር ሊገጥመው ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው «ፈቃደ ደካማ» ብሎ መስደብ ፍርደ ገምድልነት ነው። በዚህ ምክንያት ነው የሃያ አንድ ቀን ሠንጠረዥ የሚያስፈራኝ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ምን እንደሚበላ አይናገርምና።

የትኛው አበላል ይሻላል የሚለው ክርክርም እንደሚወራው ያህል ልዩነት ያለው ሆኖ አላገኘሁትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን በሁለት ከፍለው ግማሾቹ ስብ፣ ግማሾቹ ደግሞ እንደ ዳቦና ሩዝ ያለውን ኃይል ሰጪ ምግብ እንዲቀንሱ አድርገው ለአንድ ዓመት ተከታትለዋቸዋል። በዓመቱ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኛዎቹ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱም ይህን ያህል የሚባል ሆኖ አልተገኘም። የሚገርመው በየቡድኑ ውስጥ የታየው መራራቅ ነው። በሁለቱም ወገን ከሃያ ኪሎ በላይ የቀነሱ እንደነበሩ ሁሉ፣ በሁለቱም ወገን የጨመሩ ነበሩ። ሁለቱም ቡድኖች አትክልት እንዲያበዙ፣ ስኳርና የነጣ ዱቄት እንዲቀንሱ ተመክረው እንደነበርም መዘንጋት አይገባም። ከዚህ የተረዳሁት፣ ዘዴው ስብ ቀነሰ ወይም ዱቄት ቀነሰ ከሚለው ይልቅ፣ ሰውየው በራሱ ቤት፣ ከራሱ ሰዎች ጋር ሳይሰለች ሊኖርበት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የበለጠ ክብደት እንዳለው ነው።

የራሴ ቤት ደግሞ ወሎ ውስጥ ነው። በእኛ አገር «ወፈርሽ» ምርቃት፣ «ከሳሽ» ደግሞ «ምን አገኘሽ?» ተብሎ የሚጠየቅበት የኀዘን ቃል ነው። የ66ቱን ድርቅ በዓይናቸው ያዩ፣ የ77ቱንም ያለፉ እናቶች ያሳደጉን ልጆች ሳህን ላይ ምግብ ማስተረፍን እንደ ኃጢአት ተምረናል። እናቴ እስካረፈችበት ዕለት ድረስ አንድ ፍሬ ምስር መሬት ላይ ወድቆ ካየች ጎንበስ ብላ ታነሣ ነበር። ዛሬም በዚሁ ከተማ ለልጆቻቸው የሚያቀምሱት የሚቸግራቸው ቤተሰቦች እያሉ ስለ ውፍረት መጻፌ አንዳንዱን አንባቢ ሊያስከፋ እንደሚችል አውቃለሁ። ሆኖም ያጣና የተረፈው ሰው በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩበት ዘመን ላይ ነን፤ ስለ አንዱ መናገር ሌላውን መርሳት አይደለም።

አሁን ወደ ሥራዬ ጠባይ ልመለስ። በራሴ ስንፍና ማማረሬን ትቼ በሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ወጥ ቤቴን መመርመር የጀመርሁት ከአራት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ባለ አምስት ሊትሩ የዘይት ጀሪካን ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ መጻፍ ነበር። በአራት ሰው ቤት ጀሪካኑ በሃያ አንድ ቀን አለቀ። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ ግራም ስብ ደግሞ በተለምዶ ካሎሪ በምንለው መለኪያ 9 ይይዛል፤ ስለዚህ አምስቱ ሊትር ከ41,000 በላይ ካሎሪ ነው ማለት ነው። ይህን አራት ሰው በሃያ አንድ ቀን ተባዝቶ ለሚገኘው 84 ሳካፍለው ለአንድ ሰው በቀን 490 ያህል ደረሰው። (ቁጥሩ ከክብደቴ ጋር መግጠሙ ፈገግ አሰኝቶኛል።) ለአንዲት ሴት በቀን የሚያስፈልጋት በግምት 2,000 ካሎሪ ነው ቢባል፣ አንድ አራተኛውን እህል ሳልቀምስ በዘይት ብቻ እጨርሰው ነበር። እንጀራን በጥፋተኝነት ከስሼ ከቤት ሳባርር፣ ዋናው ተከሳሽ ቁሌቱ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል።

እንጀራን ነጻ ለማውጣት ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ገለባው ተለይቶ አይፈተግም፤ ከነገለባው ይፈጫል፤ በዚህም ምክንያት እንደ ነጭ የስንዴ ዱቄት አሰሩን፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨውን ቃጫ መሰል ክፍል፣ አያጣም። ባዕድ አገር ያለው ሰው ተወዳድሮ የሚገዛውን ያልተፈተገ እህል እኛ በየቀኑ በምጣድ እየጋገርን ሳለ ወደ አልሞንድ ወተት የምንሸሽበት ምክንያት አይታየኝም። ችግሩ ስንት እንጀራ እንደሚበላና እንጀራው ምን እንደጠጣ ነው። ከሁሉም በላይ ዘይትና ቅቤ የሚያጠራቅመው ከወጡ ሥር የተነጠፈው ክፍል ነው። ያቺን የራሰች እንጀራ በመጨረሻ ለመብላት ከልጅነቴ ጀምሮ የምሻማ ሰው ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከተውኋቸው ነገሮች ሁሉ ያስቸገረችኝ እርሷ ናት።

ቁሌቱን እንዲህ አስተካከልነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በራሱ ውኃ፣ ሲደርቅም ጠብ ጠብ እየተደረገለት በደንብ እስኪበስል ይቁላላል፤ ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ በሲኒ ተለክቶ ሲሆን፣ ለቤቱ ሁሉ የቀኑ መጠን አንድ ሲኒ ተኩል ነው። እናቶቻችን ደረቅ ቁሌት ያውቁ ነበር፤ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት ያህል «ወጡ አልወዛም» እያለ አጉረመረመ፣ ከዚያ ለመደው። ዛሬ ጀሪካኑ ስድስት ሳምንት ያደርሳል። በየሰው የሚደርሰው የዘይት ካሎሪ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ የዘይት ዋጋ በሚታወቅበት በዚህ ጊዜ ለኪሳችን ያደረገውንም አንባቢ ያሰላዋል።

ስኳሩ ቀላል ሂሳብ ነበር። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ፣ ሦስት ሲኒ ቡና በአንድ አንድ ማንኪያ እጠጣ ነበር፤ አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ወደ 48 ግራም ይደርሳል። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። በድምሩ ወደ 80 ግራም የሚጠጋ ስኳር በየቀኑ በፈሳሽ መልክ ሲገባ፣ ሆድ እንደ በላ እንኳ አይቆጥረውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከመቶ አሥር በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ግን ከመቶ አምስት በታች፣ ይኸውም 25 ግራም ወይም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ላይ እንዲቆም ይመክራል። ለስላሳውን በውኃ ተካሁ። የሻዩን ስኳር በአንድ ጊዜ አላስወገድሁትም፤ በየወሩ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስሁ ምላሴን አታለልሁት። የገጠር ዘመዶቼ ቡናን በጨው ስለሚጠጡ «አንቺም እንደኛ አድርጊ» ብለውኝ ነበር፤ ግፊት ላለበት ሰው ግን ያ ምክር ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

በገበታ ላይ ስለመብላት ብዙ አስቤበታለሁ። በአንድ ትሪ ዙሪያ አምስት ሰው ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ የለም፤ በላተኛው ራሱም አያውቅም። ሐኪሞች «በራስሽ ሳህን ብዪ» ይላሉ። ምክሩ ትክክል ቢሆንም «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ባደገ ሰው ቤት የሚሠራ አይደለም፤ ወጥ ቤት ቆሜ እንቁላል በበላሁባቸው ስድስት ሳምንታት ከምግቡ ይልቅ የናፈቀኝ ጨዋታው ነበር። ስለዚህ መሶቡን ሳልለቅ መጠኑን የማውቅበትን መንገድ ፈለግሁ። ከመቀመጤ በፊት አንድ እንጀራ አጥፌ በፊቴ አኖራለሁ፤ የምበላው እርሱን ብቻ ነው፤ ከሥር የተነጠፈውን አልነካም፤ ጭማሪ ሲመጣም የእኔ አልቋል። ድሮ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ እንጀራ እበላ እንደነበር ያወቅሁት እንዲህ መቁጠር ስጀምር ነው። የቀነሰውን እንጀራ ቦታ የሞሉት ጎመን፣ ምስር፣ ክክ፣ ቀይ ሥርና ፎሶልያ ናቸው። ጥራጥሬና አትክልት አሰር ስላላቸው፣ ጥራጥሬው ደግሞ ገንቢ ምግብ በመሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ብስኩት ፍለጋ መሳቢያ መክፈቴ በራሱ ጊዜ ቀረ። ዓሣ ካሻን ደግሞ ከደሴ ብዙ በማይርቀው በሐይቅ ውስጥ የሚጠመደው አለልን፤ ሰኞ ገበያ ላይ ሳልመን የሚሸጥ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስለ ጾም የሚባለውን ሁሉ ለማመን እቸገራለሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው፤ ደሴ እንዲህ ነች። ሃምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ረቡዕንና ዓርብን ጨምረን ስንቆጥር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን እንጾማለን፤ ጎረቤቶቼም ረመዳንን ይጾማሉ። ጾም ክብደት የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ በዚህች ከተማ ቦርጭ የሚባል ነገር ባልታየ። በእኛ ቤት ዘይት ከሁሉ ይበልጥ የሚፈስሰው በጾም ወራት ነበር። ሥጋና ቅቤ ስለቀረ ወጡ እንዳይገረጣ ብለን ዘይቱን እጥፍ እናደርገዋለን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን ፍርፍሩን በአንድ ትንፋሽ እንጨርሰዋለን። በማፍጠሪያ ሰዓት ከጎረቤት የሚመጣልኝ ሳምቡሳም የራሱ ሂሳብ አለው፤ ሁለቱን በልቼ ሦስተኛውን የምመልስበት ቃል እስከ ዛሬ አላገኘሁም። በረመዳን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በአማካይ የሚታየው የክብደት ቅናሽ አነስተኛ እንደሆነና ጾሙ ባለቀ በጥቂት ሳምንታት አብዛኛው እንደሚመለስ አሳይተዋል። ጾም የተሰጠን ለነፍሳችን ነው፤ ወገብ ለማቅጠን አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ረኃብ ማዕበል ነው፣ መጥቶ ይሄዳል፤ በመጣ ቁጥር መታዘዝ ግድ አይደለም። ለስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ግን ምግብ ከመዝለላቸው ወይም ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡ ከቀነሰ የደም ስኳር ወርዶ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል።

ድግስ ከጾም ይከብዳል። ንጉሥ ሚካኤል ሕዝቡን ግብር ያበሉበት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» በሆነባት ከተማ ውስጥ የቀረበልሽን ምግብ አልበላም ማለት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለደሴ ሰው መንገር አያሻም። «ዳይት ላይ ነኝ» ማለት ደግሞ በጣም የከፋው መልስ ነው፤ አንድም አጉል ዘመናዊነት ይመስላል፣ አንድም ጉርሻውን በእጥፍ ያስጨምራል። «ሐኪም ከልክሎኛል» ስል ግን «አፈር ስሆን» የሚለው ልመና በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ በሕዝባችን ዘንድ ከድግስ ገበታ ለመቅረት ተቀባይነት ያላቸው ምክንያቶች ጾምና ሕመም ብቻ መሆናቸውን ከዚህ ተረድቻለሁ። አንድ ጉርሻ እቀበላለሁ፤ ጠላውን አፌን አስነክቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ወደ ሠርግ ቤት ባዶ ሆዴን አልሄድም። ለበዓል ዶሮ ወጥ እበላለሁ፣ በማግስቱም ወደ ሲኒ ተኩሌ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ በድፎ ዳቦ ቁራሽ የፈረሰው፣ ለዶሮ ወጥና ለድፎ ዳቦ ቦታ ያልነበረው ዕቅድ ስለነበረ ነው።

መንገዱ ቀጥ ያለ እንዳልነበር ማመን አለብኝ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ዘጠኝ ኪሎ ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ 75 ላይ ለወራት ቆመ፤ ቀስ ብሎ 73 ደረሰ። የእናቴ ኀዘን በደረሰብኝ ጊዜ ግን ለቅሶ ቤቱ ሲዘረጋ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማደሩና የሚመጣውን ሁሉ ያለ ሐሳብ መጉረሱ ተደራርበው 76 አስገቡኝ። ወደ 73 ለመመለስ አምስት ወር ፈጅቷል። መመለስ የቻልሁት ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጥ አንድ ልጅ ጋር ደንበኛ በመሆኔ ነው። ሚዛኖቻቸው እርስ በርስ ስለማይስማሙ ሁልጊዜ በአንዱ ሚዛን፣ በአንድ ቀንና ሰዓት መመዘን ያስፈልጋል። ልጁ አሁን ከእኔ በላይ ይከታተለኛል፤ አንድ ቅዳሜ ብቀር በሚቀጥለው «ምነው እትዬ፣ ፈሩ እንዴ?» ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ አንድ መዝገብ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎችን ይከታተላል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንደሚመዘኑ፣ ቁርስ እንደሚበሉና በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ተመዝግቧል። እኔ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ባጃጁን ትቼ የደሴን ዳገት በእግሬ መውጣቴ ግን የቀነሰው እንዳይመለስ ከምግቡ ባልተናነሰ ረድቶኛል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ 73 ኪሎ ነኝ፤ በሠንጠረዥ ሲታይ አሁንም ክብደቴ ከመጠን ያለፈ ከሚባለው ወገን ነው። የቀሚስ ነጋዴዎች የሚሰቅሉትን ፎቶግራፍ አልመስልም። ሆኖም ግፊቴ ወርዶልኛል፤ ደረጃ ስወጣ አላለከልክም። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ፣ ከ3,200 በላይ ለስኳር ሕመም የተቃረቡ አሜሪካውያንን ያካተተ ጥናት፣ ከክብደታቸው ከመቶ ሰባት ያህሉን ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ግብ የያዙት ሰዎች ወደ ሕመሙ የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለእኔ ከመቶ ሰባት ማለት ስድስት ኪሎ ያህል ነበር። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው ቢነገረኝ ኖሮ ሃያ አምስት ኪሎ ካልቀነስሁ ሞቼ እገኛለሁ እያልሁ ዓመታት ባላባከንሁ ነበር።

ስለዚህ ለክቡር አዘጋጅ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በኢትዮጵያ ለኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ የአመጋገብ መመሪያ በ2014 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። የጤና ዓምዳችሁ የውጭ አገር ሠንጠረዥ ከመተርጎም ይልቅ ያንን መመሪያ በጭልፋ፣ በሲኒና በእንጀራ እየለካ ለአንባቢ ቢያስረዳ ትልቅ ውለታ ይሆናል። የሥነ ምግብ ባለሙያዎችን፣ ለምሳሌ እዚሁ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉትን፣ ብትጋብዙ ስለ ሽሮና ስለ ፍርፍር የሚሉት አያጡም። «በፊት» እና «በኋላ» እየተባሉ የሚወጡትን ፎቶግራፎች ደግሞ ከነአካቴው ብትተዉአቸው፣ አለዚያም «በኋላ» ከተባለው ቀን ሁለት ዓመት ቆይታችሁ ሦስተኛ ፎቶግራፍ ብትጨምሩባቸው እመርጣለሁ።

የዘይቱንና የክብደቱን መዝገብ የያዝሁበት ደብተር በእጄ አለ፤ የዓምዱ አዘጋጅ ሊያየው ከፈለገ ቅጂውን በደስታ እልካለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ
ደሴ